ለዘር የተተወ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከእኔና ከወንድሜ ይበልጥ ጎመኑን እንደሚወድ አልጠራጠርም ነበር። ጎመኑን ሲያይ ፊቱ ይፈታል። እኔ ከኋላው ሆኜ «አባዬ» ብዬ ስጠራው ግን ዞር ብሎ አያየኝም። ጀርባውን እንደሰጠኝ «እ» ይላል። ደጋግሜ ከጠራሁት ደግሞ አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን፣ እግሩን እያነሳ እየጣለ፣ ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞር ጋሪ ቀስ ብሎ ያዞራል። ዞሮ እስኪጨርስ እኔ ተናድጄ ሄጃለሁ።

ቤታችን አዳማ ዳር፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል ነበር። ያኔ ሰፈሩ ገና ስላልተሞላ ነፋሱን የሚከለክለው ነገር የለም፤ ከሰዓት በኋላ አቧራው በበሩ ሥር ገብቶ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። አባቴ ገመዳ ቆቃ አካባቢ አንድ የመስኖ እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር ነበር። እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ሥራውን ተወ። እናቴ ሣራ «አባታችሁ ጡረታ ወጥቷል» አለችን። ጡረታ የሚወጡት ሽማግሌዎች መሆናቸውን፣ አባቴ ደግሞ ያኔ ገና አርባዎቹን ያላጋመሰ ሰው እንደነበር ያሰብኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሥራውን ሲተው ግቢውን ያዘ። ከበሩ እስከ ኋላው አጥር ድረስ በመደብ በመደብ ከፋፍሎ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም ተከለበት፤ ዱባውን አጥሩ ላይ ለቀቀው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ወገቡ ጎንበስ እንዳለ ይገባል፣ ጎንበስ እንዳለ ይወጣል። እኔ የሚመስለኝ አትክልቱን ለማየት ሲጎነብስ ለምዶበት እንደዚያው የቀረ ነበር። ጥርሱ ቡናማ ነው። እኔና ወንድሜ ኤባ፣ አፈሩን እየቀመሰ ስለሚዘራ ነው ብለን ተስማምተናል።

ከሁሉ የሚያበሽቀን ምርጡን አለመብላታችን ነው። ከቲማቲሙ መሃል አንደኛው እግር ፍሬው ትልልቅና ጤነኛ ሆኖ ከታየ አባዬ ከአሮጌ አንሶላ የቀደደውን ቁራጭ ጨርቅ ግንዱ ላይ ያስርበታል። ጨርቅ የታሰረበትን መንካት ክልክል ነው። ፍሬው ቀልቶ፣ ቀልቶ፣ ሊፈነዳ እስኪደርስ እዚያው ይቆያል። ጎመኑም እንደዚያው ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ የሆነውን አንቆርጠውም፣ ቁመቱ ከእኔ በልጦ ቢጫ አበባ አውጥቶ ንቦች ይሰፍሩበታል።

«ታዲያ እኛ መቼ ነው ደህናውን የምንበላው?» አለ ኤባ አንድ ቀን። ያኔ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ይኼ ለዘር ነው» አለ አባዬ። «ለከርሞ ሁሉም እንደዚህ ይሆናል።»

ለከርሞ እውነትም የተሻለ በቀለ። እሱ ግን ከተሻለው መሃል የበለጠውን መርጦ ጨርቁን አሰረበት፤ እኛም የቀረውን በላን።

ሁለተኛው ቅሬታችን ውሃው ነበር። በግቢያችን ጥግ ጉድጓድ አለ። ውሃው ጥርት ያለ፣ አዳማ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር እንኳ ከፍሪጅ የወጣ የሚመስል ቀዝቃዛ ነው። ያ ውሃ የአትክልቱ ነበር። የእኛ ውሃ ሀሰን የሚባል ሰውዬ በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን ከከተማው ቦኖ የሚያመጣልን ነው። ፀሐይ ላይ ስለሚቆይ ይሞቃል፤ ጀሪካን ጀሪካን ይላል፤ አንዳንዴ የመድኃኒት ሽታ አለው። ሀሰን ሳይመጣ የቀረ ቀን ጥማችንን ይዘን እንጠብቃለን እንጂ ከጉድጓዱ አይቀዳልንም። አባዬ ግን የሚጠጣው ከጉድጓዱ ነው። አጥሩ ላይ በምትንጠለጠል ጣሳ ቀድቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ማድረግ ስለማይችል ጉልበቱን አጥፎ ወደ ኋላ ለጠጥ እያለ ይጠጣል። አንዴ ጣሳዋን ሳያት አይቶኝ «ይኼ የእኔና የአትክልቱ ነው» አለኝ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ኤባ ደብተሩን ጥሎ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። እናቴ ልብስ ልታጥብ የቀዳችው ባልዲ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን እንዳለ ነከረና ይጠጣ ጀመር። አባዬ ከቃሪያው መደብ አየው፤ ያን ያህል መፍጠን የሚችል አይመስለኝም ነበር። እግሩን እየጎተተ መጥቶ ባልዲውን ገፋው፣ ውሃው ጭቃ ሆነ፣ ኤባን ደግሞ በጥፊ መታው። አባቴ ከእኛ አንዱን ሲመታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ከጀሪካኑ በብርጭቆ ቀድቶ ሰጠውና እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆመ። ኤባ በለቅሶው መሃል እየተናነቀ ጠጣው።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። «ምን አድርጎ ነው?» አለች።

«ከጉድጓዱ ጠጣ» አለ አባዬ።

ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ኤባን አቅፋ ወደ ቤት አስገባችው፤ አፉን ክፈት ብላ ጥርሱን በጣቷ እያሻሸች ታየው ነበር። በዚያ ቀን እናቴም ወደ አትክልቱ ወገን መሄዷን አወቅሁ።

ዛሬ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ፍሎራይድ ይባላል። በስምጥ ሸለቆው በብዙ ቦታ ከመሬት የሚወጣ ውሃ ይህ ይበዛበታል፤ ጣዕም የለውም፣ ሽታም የለውም። ልጅ ከጠጣው ጥርሱን ያበልዘዋል። ለብዙ ዓመታት የጠጣው ሰው ደግሞ አጥንቱ ውስጥ እየተጠራቀመ መገጣጠሚያውን ያደርቃል፣ አከርካሪውን አያይዞ እንደ አንድ እንጨት ያደርገዋል። አባቴ ቆቃ አካባቢ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ተወልዶ፣ ከጉድጓድ ውሃ ጋር አድጎ፣ እዚያው ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ለሀሰን የሚከፈለው ለእኛ ብቻ የሚበቃ ስለነበር እሱ ከጉድጓዱ ጠጣ። እናቴ እሱም ከጀሪካኑ እንዲጠጣ ስትለምነው የመለሰላትን ነግራኛለች፦ «እኔ የጠጣሁትን ጠጥቻለሁ፣ ለልጆቹ ይትረፍ።» የእኔና የኤባ ጥርስ ዛሬም ነጭ ነው።

ያኔ ግን የምሰማው ሌላ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘውድነሽ ጎመን ልትወስድ ስትመጣ ከእናቴ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ። እኔ ከበሩ ኋላ የቤት ሥራ የምሠራ እመስላለሁ።

«እንዴት ነው ታዲያ አሁን?» አለች እትዬ ዘውድነሽ።

«ያው ነው። ድንጋይ ሆኗል» አለች እናቴ። «አይዞር፣ አይታጠፍ። ሌሊት ሌሊት ብቻዬን አለቅሳለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«አንዴ ድንጋይ ከሆነ ወዲያ ወደ ነበረበት አይመለስም አሉኝ። እስኪብስ መጠበቅ ነው።»

«ልጆቹስ?»

«ምንም አያውቁ። እንዳያውቁ ነው የሚፈልገው።»

እናቴ «አሉኝ» ያለቻቸው ሰዎች የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች መሰሉኝ። አባዬ ልቡ ድንጋይ ሆኗል፣ ለሽማግሌ እንኳ አልታጠፍም ብሏል፣ እናቴም ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። ለኤባ እንደዚያ ብዬ ነገርኩት። ኤባ «ድንጋይ ሲሆን ያማል?» ብሎ ጠየቀኝ። አያምም፣ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለጸሎት ወደ ቤታችን መጡ። አባዬን መሃል ላይ በወንበር አስቀምጠው ከበቡት። ወንጌላዊው እጁን ጀርባው ላይ ጭኖ «ጌታ ሆይ፣ ይህን የደነደነውን አንተ አላላው፣ አንተ አለስልሰው» እያለ ጸለየ። ዓይን መግለጥ ነውር መሆኑን ባውቅም ገለጥኩ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንባው በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጁን አንስቶ መጥረግ አልቻለም። ደስ አለኝ። ቤተ ክርስቲያንም አውቆበታል፣ እሱም ጥፋቱ ገብቶታል አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ከኋላው ሄጄ «አባዬ» አልኩት። «እ» አለኝ፣ ሳይዞር።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ መሬት መጎንበስም አቃተው። ጎንበስ ያለው ወገቡ ከዚያ ወዲህ ወደ ታችም ወደ ላይም አልሄድ አለ። ወንበር አውጥቶ መደቡ ዳር መቀመጥ ጀመረ፤ እኔን ደግሞ እጁ አደረገኝ። «ኮቱ ቦንቱ» ይለኛል፣ እሱ ባደገበት ኦሮምኛ ነይ ማለቱ ነው። ጓደኞቼ ከአጥሩ ውጭ ገመድ ሲዘሉ እየሰማሁ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ የቲማቲሙ ዘር ነበር። ጨርቅ ከታሰረበት እግር ላይ የለሰለሰውን ፍሬ ለቅሜ ቆርጬ፣ ዘሩን ከነውሃው በቆርቆሮ ውስጥ እጨምቃለሁ። አፉን በጨርቅ ሸፍኜ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ለቀናት ሲቀመጥ ነጭ ቆዳ ያበጅና ይገማል፤ የሚያስነጥስ፣ እንደ ከረመ ጠላ ያለ ግማት ነው። አልነካውም ብዬ አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ካልገማ ዘሩ ከላዩ ያለው ዝልግልግ አይለቅም» አለ። «አሁን ውሃ ጨምሪና አማስይው። የተንሳፈፈውን ድፊው፣ እሱ ባዶ ነው። የዘቀጠውን ያዢ።»

ያዝኩ። በሰሃን ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት። ወረቀት ላይ እንዳላደርገው ነገረኝ፤ ይጣበቃል፣ ሲላጥ ይጎዳል። ጎመኑንም አሳየኝ። ቀጫጭኑ የዘር ከረጢት አረንጓዴ ሳለ ከተቆረጠ ዘሩ አይበቅልም፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ ራሱ ተፈንጥቆ ይበተናል። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት አንዱን ከረጢት ጆሮው አጠገብ ይዤ እንድነቀንቅ ያደርገኝ ነበር። መንኳኳቱን ሲሰማ «ዛሬ» አለ። ሰፌድ ላይ አሽቼ፣ ገለባውን ነፋሱ እንዲወስደው አድርጌ፣ ትንንሾቹን ጥቁር ዘሮች ከአመድ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከተትን።

«የቲማቲሙ ከእናቴ የመጣ ነው» አለኝ ክዳኑን እየገጠምኩ። «እሷ ስትሞት ከቆቃ በኪሴ ይዤው መጣሁ። ከእኔ ቀጥሎ አንቺ ትይዥዋለሽ።»

«እሷ በምን ሞተች?»

«ወገቧን» አለ።

አያቴ ስትጎነብስ ኖራ የሞተች ገበሬ ስለመሰለችኝ ሌላ አልጠየቅሁም።

ያን ሰሞን አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የዱባ ዘር ስፈለፍል ቆይቼ እጄ ተጣበቀ፣ ጨዋታውም አመለጠኝ። ጨርሻለሁ ብዬ ሰሃኑን ፊት ለፊቱ አደረግሁለት። ሰሃኑን አየ እንጂ እኔን አላየኝም፤ ዘሩን በጣቱ እየገላበጠ ይለቅም ጀመር። ሮጬ ወደ ቤቱ ጎን፣ ኤባ የሚጫወትበት ጥላ ሄድኩ። አባዬ ወንበሩን ከጥጉ ወዲያ ነበር ያስቀመጠው፤ እኔ ግን ስለማይታየኝ የሌለ መሰለኝ።

«አባዬ አይወደንም» አልኩት ኤባን። «ጎመን ብንሆን ኖሮ ይወደን ነበር።»

«እኔ ቲማቲም መሆን ነው የምፈልገው» አለ ኤባ። «ጨርቅ ይታሰርልኛል፣ ማንም አይነካኝም።»

ሳቅን። እኔ እንደ አባዬ ጎንብሼ፣ መላ ሰውነቴን እያዞርኩ «ኮቱ ቦንቱ፣ ኮቱ ኤባ» እያልኩ ዞርኩ፤ ኤባ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ።

በሚቀጥለው ክረምት እግሩ ተወው። አልጋው በጠባቡ ክፍል፣ ግድግዳ ተጠግቶ ነበር። ሰውነቱ እንደ ማጭድ ስለታጠፈ በጀርባው መተኛት አይችልም፤ የሚያሳርፈው አንድ ጎኑ ብቻ ነው፣ ያ ጎን ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያደርገዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ የማየው ጀርባውን ነው። አውቆ ፊቱን ያዞረብን መሰለኝ። «ገባችሁ?» ይላል ወደ ግድግዳው። «ገባን» እላለሁ ከበሩ ሆኜ። ስለ አትክልቱ ይጠይቀኛል፤ ቃሪያው አበበ ወይ፣ የታሰረበትን ነክታችኋል ወይ። መልሼለት እወጣለሁ። ክፍሉ የቅባትና የላብ ሽታ ነበረው፤ መቆየት አልወድም ነበር።

ጥቅምት ላይ ሞተ። ክፍል ውስጥ ሳለን እትዬ ዘውድነሽ መጥታ ወሰደችን። ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ድንኳኑን የሚተክሉት ሰዎች ቦታ ስላጡ ካስማውን የጎመኑ መደብ ውስጥ መቱት። ማንም አልከለከላቸውም። የሬሳ ሳጥን ሠሪው በጓሮ በኩል ከእድር ሰዎች ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

«አይቃናም?» አለ።

«አይቃናም። ሞክረናል» አለው አንደኛው። «በጎኑ ነው የሚገባው። ሰፋ አድርገህ ሥራው።»

ሳጥኑ እንደ ቁም ሣጥን ሰፊ ሆኖ መጣ። የሰፈሩ ልጆች ለምን እንደሰፋ ሲጠይቁኝ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። በልቤ ግን፣ ሞቶም አልታጠፍም አለ እያልኩ ነበር። አላለቀስኩም። ሰዎቹ ልጅ ናት፣ አልገባትም ሲሉ ሰማሁ፤ እውነታቸውን ነበር።

ሰልስቱ እንዳለፈ እናቴ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከድና ድንጋይ ጫነችበት። አንዲት ባልዲ እንኳ ከእሱ እንዲቀዳ አልፈለገችም። የሀሰን ውሃ ደግሞ ለአትክልት አይበቃም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቃሪያው ጠወለገ፣ ቲማቲሙ ከነፍሬው ደረቀ፣ ጨርቅ የታሰረበትም አብሮ ደረቀ። ዘሩን ለመልቀም ማንም አልወጣም። እኔ እንዴት እንደሚለቀም አውቅ ነበር፤ ነገር ግን አባዬ የሌለበት አትክልት ነጻ ያወጣኝ መስሎኝ ገመድ ልዘል ሄድኩ። ከዓመት በኋላ እናቴ መደቡን ደልድላ የሚከራዩ ክፍሎች ሠራችበት።

አመድ የተነሰነሰባቸውን ቆርቆሮዎች ግን አልጣለችም። አስተማሪ ሆኜ ደራ ስመደብ ሰጠችኝ። ደራ ውሃውም አፈሩም ጥሩ ነው፤ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ትንሽ መሬት ነበረኝ። አፈሩን አለስልሼ፣ እሱ እንዳሳየኝ መስመር አውጥቼ፣ የጎመኑንም የቲማቲሙንም፣ የዱባውንም ሁሉንም ዘራሁ። ጠዋት ማታ አጠጣሁ። አረም በቀለ። አረሙን ነቅዬ እንደገና ጠበቅሁ። አንድም አልወጣም። አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አድርጌ የዱባውን ፍሬ አገኘሁት፤ ስጫነው ልጣጩ ብቻ ነበር፣ ውስጡ ዱቄት ሆኗል። የአያቴ ቲማቲም ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የለም። ሌላ የያዘው ሰው አልነበረም።

ዓምና ትምህርት ሲዘጋ አዳማ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አርጅታለች። የተከራዮቹን በር በሚያይ ጠባብ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በየዓመቱ ካልዘሩት ይሞታል» አለች። «እሱ ይለው ነበር። እኔም ረሳሁት፣ ጊዜው ሄደ።»

ለብዙ ዓመታት ያልጠየቅኋትን ያን ቀን ጠየቅኋት። «ለምን አልነገራችሁንም? ታሟል ብትሉን ምን ነበረበት?»

«አስምሎኝ ነበር» አለች። «እያዘኑልኝ አይደጉ፣ ክፉ ነው ይበሉኝ ይሻለኛል አለ።»

«ክፉ ነው ብለን ነበር።»

«ያውቃል። ከቤቱ ጎን ሆናችሁ ስትስቁ ሰምቷችኋል። አንቺ እንደሱ ስትሄጂም ጥላሽን መሬት ላይ አይቷል።»

አንዲት ተከራይ የታጠበ ልብስ ይዛ በመሃላችን አለፈች። እስክታልፍ ጠበቅን።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ዘሩን መልቀሙን ጨረሰ። ማታ እራቱን አልበላም።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ቀጠለች፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«አልጋ ላይ ሳለ አንድ ነገር ለመነኝ። አልጋውን በራስጌ በኩል አዙሪልኝ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ፊታቸውን ልይ አለኝ። አልጋው ከባድ ነው፣ እሱም ሲነካ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ ሳነሳው ስጥለው ውዬ ደክሞኝ ነበር። ሰው ጠርቼ ነገ እናዞረዋለን አልኩት።»

«በማግስቱ ሞተ?»

«አይ» አለች እናቴ። «በማግስቱም ነገ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።»